ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፦ ከግሽ ዓባይ ምንጭ እስከ ዛሬው ጆርናል

ስለ ምርምር ሥነ ምግባር በተነሣ ቁጥር ነገሩን ኢንተርኔት ይዞት የመጣ አዲስ በሽታ አድርገን የምናወራ ብዙ ነን። የሌላውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማሳተም፣ የሠራውን ሰው ስም መዝለል፣ ያልሠራውን ማስገባት፣ ያልነበረ መረጃ መፍጠር፤ እነዚህ ሁሉ ግን የቆዩ ናቸው። አንዱ የቆየ ጉዳይ ደግሞ እኔ ከምኖርባት ከቆሰበር ብዙም በማይርቀው በሰከላ፣ በግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ የተፈጸመ ነው። እስቲ ከዚያው እንነሣ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ የደረሰው ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ነበር። አገሩ ያን ጊዜ የአገው አገር ነው፤ ምንጩን የሚጠብቀው ክፍለ ዓባይ የሚባል ሽማግሌ እንደተቀበለው ራሱ ጽፏል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1790፣ አምስት ቅጽ ያለው የጉዞ መጽሐፉን አሳተመ። ምንጩን ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ አለ። ነገር ግን ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ያንኑ ምንጭ ያየው ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ነው፤ 152 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። የፓኤዝ ምስክርነት አውሮፓ ደርሶ፣ አታናሲየስ ኪርከር የተባለው ምሁር በላቲን አሳትሞት ነበር። ብሩስ ይህን ያውቃል። የፓኤዝን የእጅ ጽሑፎች ተመልክቼ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘሁም ብሎ አጣጣለው እንጂ አላየሁም አላለም። የፓኤዝ መጽሐፍ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ሲታተም ግን የምንጩ ታሪክ እዚያው ውስጥ ነበር።

ከሁለቱም በፊት የአካባቢው ሰው መኖሩ ደግሞ የታወቀ ነው። ለሰከላ ሰው ምንጩ የሚፈለግና የሚገኝ ነገር አልነበረም፤ የሚኖርበት ቀዬ እንጂ።

ሁለተኛው ጥፋት ይብሳል። ብሩስ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ተወላጅ ሠዓሊ ይዞ ነበር የመጣው። ባሉጋኒ እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ በመጽሐፉ የግሽን ጉዞ ሲተርክ ባሉጋኒ ቀድሞ እንደሞተ አድርጎ ነው የጻፈው። ብሩስ በ1794 ካረፈ በኋላ ግን ሁለተኛውን እትም ያዘጋጀው አሌክሳንደር መሪ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ፣ ባሉጋኒ በግሽ ጉዞ አብሮ እንደነበረ ወጣ። ብሩስ የራሱ አስመስሎ ያቀረባቸው ብዙዎቹ የዕፅዋት ሥዕሎችም የባሉጋኒ እጅ ሥራ መሆናቸውን የኋላ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ላይ ጠርቷል፤ ባሉጋኒ ግን አላየውም።

ከነዚህ ዕፅዋት አንዱ ኮሶ ነው። የከተማችን የቆሰበር ስም ሲጠራ ወደ ጆሯችን የሚመጣው ዛፍ ማለት ነው። እናቶቻችን ለትል ሲያጠጡት የኖሩትን መድኃኒት ብሩስ በእንግሊዛዊው በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰየመው። ስሙ ለሌላ ተክል ቀድሞ ተሰጥቶ ስለነበር አልጸናም። በ1791 ግመሊን የተባለ ጀርመናዊ ሃገኒያ ብሎ ለወጠው፤ ካርል ጎትፍሪድ ሃገን ለተባለ የኬኒግስበርግ ሰው መታሰቢያ። ዛሬም በሳይንሳዊው ስም ጫፍ ላይ በቅንፍ የብሩስ ስም ይጻፋል። የሣለው ሰውም፣ ቀቅለውና ወቅጠው መድኃኒትነቱን ያስተማሩትም የሉበትም። የስያሜ ሕጉ እንዲህ ነው፣ ማንም ወንጀል አልሠራም ይባል ይሆናል። ሥነ ምግባር ግን የሚጀምረው ሕጉ ካቆመበት ነው።

ወደ ሌላ ምሳሌ ልለፍ፤ ይኸኛው ደስ ይላል። ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ የቢልሃርዝያ ጥናት ሲያካሂዱ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፈው አዩ። በዓመቱ፣ በ1965፣ የመጀመሪያውን ዘገባ ያሳተሙት በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። የአገር ውስጥ ጆርናል ምን ይሠራል ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ ቀኑና ስሙ እዚያ ተመዝግቦ ስለቆየ የቅድሚያውን ጉዳይ ማንም ሊያደበዝዘው አይችልም። አክሊሉ የልብስ አጣቢዎቹንም ታሪክ ከግኝታቸው ነጥለው አልተረኩም። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲሰጣቸውም አብሯቸው የሠሩት ዶ/ር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ተካፋይ ነበሩ።

ሥርዓቱስ ከየት መጣ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጆርናሎች፣ አንዱ ፓሪስ ሌላው ለንደን፣ የታተሙት በ1665 ነው። ከ300 ዓመት በላይ አብዛኛው ነገር በአዘጋጆች ኅሊና ላይ የተተወ ነበር። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች በ1978 ቫንኩቨር ላይ ተገናኝተው የጋራ መመሪያ አወጡ። በ1997 የኅትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ እንግሊዝ አገር ተቋቋመ። ዛሬ የምንሠራበት የአዘጋጆቹ መመሪያ ጸሐፊ ለመባል አራት ነገር በአንድነት ይጠይቃል፦ በሥራው ላይ ጉልህ ድርሻ፣ በጽሑፉ ዝግጅት ወይም እርማት መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራተኛው የተጨመረው በ2013 ነው። አለቃ መሆን፣ ፊርማ መስጠት፣ መኪና መፍቀድ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ሥርዓቱ ሲጣስ በሽተኛ ይጎዳል። ሜይ 22 ቀን 2020፣ በኮቪድ መካከል፣ ላንሴት በስድስት አህጉራት ከሚገኙ 671 ሆስፒታሎች ስለ 96,000 ያህል ሕሙማን የተሰበሰበ ነው የተባለ ጥናት አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ሳምንት በሃይድሮክሲክሎሮኪን ላይ ያካሂድ የነበረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። ተመራማሪዎች ጥያቄ ማንሣት ጀመሩ፤ ከጥርጣሬዎቹ አንዱ፣ የአፍሪካ ሆስፒታሎች ያን የሚያህል ዝርዝር መረጃ በኮምፒውተር ከመቼ ወዲህ ያዙ የሚል ነበር። በካርድ ክፍላችን የሠራ ሁሉ ይህን ጥያቄ ይረዳዋል። መረጃውን አምጡ ሲባል ኩባንያው አላቀረበም፤ ጁን 4 ጽሑፉ ተሰረዘ። በ2023 ደግሞ ሂንዳዊ የሚባለው አሳታሚ ብቻውን ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሰርዟል፤ አብዛኞቹ ልዩ እትም በተባሉት ውስጥ፣ ግምገማቸው የተጭበረበረ ነበር።

ይኸ የሩቅ ወሬ አይደለም። ለአገራችን መምህር የደረጃ እድገት በታተመ ጽሑፍ ይቆጠራል። ገንዘብ ከፍለህ በሳምንት ውስጥ እናትምልሃለን የሚሉ ፕሬዳተሪ ጆርናሎች ይህን ጭንቀት አሳምረው ያውቁታል። ከደሃ አገር ለሚመጣ ጸሐፊ የሚደረገው የክፍያ ምሕረትም፣ የሚገባን ቢሆንም፣ ሌላ ፈተና ይዞ ይመጣል፦ ክፍያ ለማምለጥ የኢትዮጵያዊ ስም የሚፈልግ የማያውቁት ሰው። ስሜን ስጥ፣ ጽሑፉን አትይ ማለት ነው።

ከውስጥም አለ። ሌሊቱን ካርድ ሲያገላብጥ ያደረ ኢንተርን ስሙ ሲቀር፣ ጥናቱን አንድ ቀን ያላየ ኃላፊ ሁለተኛ ሆኖ ሲሰለፍ ያላየ ከመካከላችን ማን ነው? በአዊ ደግሞ የራሳችን ባሉጋኒዎች አሉን። መጠይቁ በአማርኛ ይዘጋጃል፤ ባንጃ ወይም ዳንግላ ገጠር ሲደረስ ባልቴቷ የምትመልሰው በአውኚ ነው። ጥያቄውን በአውኚ አስረድቶ፣ መልሱን ወደ አማርኛ የሚመልሰው መረጃ ሰብሳቢ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ጥናቱ እውነት የሚሆነው በእነሱ አፍ ነው። የስንቶቹ ስም በምስጋናው ገጽ ላይ እንኳ አለ?

ስለዚህ ለመገናኛችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ መምህራን የሆናችሁ፣ ጥናት ሳይጀመር ማን ጸሐፊ፣ ማን ተመስጋኝ እንደሚሆን በጽሑፍ ተስማሙ፤ ሲያልቅ የሚደረግ ስምምነት ጉልበት ላለው ያደላል። ሁለተኛ፣ ዋናውን መረጃ አስቀምጡ፤ ሲጠየቁ ማሳየት መቻል ከማንኛውም ማኅተም ይበልጣል። ሦስተኛ፣ በእድገት ኮሚቴዎች የተቀመጣችሁ፣ ከመቁጠራችሁ በፊት አንዱን ጽሑፍ አንብቡት፤ ጸሐፊውንም ስለ ሥራው ጠይቁት። የሠራው ሰው ይመልሳል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ብሩስ ደፋር ተጓዥ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ግን የፓኤዝና የባሉጋኒ ስም አብሮ ይነሣል፤ እሱ ሊያስቀራቸው የፈለጋቸው ሁለቱ።