ከዛፉ ሥር ያለው ደን፦ የመሬት ትረሽና የምዕራብ ሸዋ ደኖች

አዲስ አበባን ከአምቦ በሚያገናኘው መንገድ ግራና ቀኝ የቀረው ጥንታዊ ደን የተቆራረጠ ነው፦ በወጨጫ ተራራ ላይ መናገሻ ሱባ፣ ከጊንጪ በስተሰሜን ጭሊሞ፣ ከአምቦ በስተደቡብ ደግሞ ጅባት። በመካከላቸው የጤፍና የስንዴ ማሳ እንዲሁም ባሕር ዛፍ ተዘርግቷል። እነዚህን ደኖች ለመመዘን የዛፉ ሽፋን ብቻውን አይበቃም፤ ወለላቸውም መታየት አለበት። ለዚህም የሐበሻ የመሬት ትረሽ የተባለችው ወፍ የተሻለች መመዘኛ ናት።

ሳይንሳዊ ስሟ ጂኦኪክላ ፒያጊኤ ነው፤ በ1877 እ.ኤ.አ. ለጣሊያናዊው አሳሽ ካርሎ ፒያጂያ መታሰቢያ የተሰጠ። ደረቷ ሸክላ መሳይ ቀይ፣ የዐይኗ ዙሪያ ሙሉ ነጭ ቀለበት፣ ክንፏም ባለ ሁለት ነጭ ሰንበር ነው። የረገፈ ቅጠል እየገለበጠች ትልና ነፍሳት ትለቅማለች፤ ሰው ሲቀርባት ወደ ቁጥቋጦው ትሰወራለች። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ተራሮችም ስለምትገኝ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ዝርያዎች አትቆጠርም። በእኛ ዘንድ ብርቅ ያደረጋት የምትፈልገው ጥላማና እርጥብ የደን ወለል ብርቅ መሆኑ ነው። በሱባ ወፍ ተመልካቾች ደጋግመው አይተዋታል።

ጭሊሞ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የሚበዛበት ደረቅ የደጋ ደን ሲሆን የአዋሽ ወንዝ መነሻ አካባቢም ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋርም አፍሪካ በተባለው ድርጅት ድጋፍ ነዋሪው ደኑን በማኅበር ተደራጅቶ እንዲያስተዳድር ተሞክሯል፤ በአገራችን አሳታፊ የደን አስተዳደር ቀድሞ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጅባት ግን ደመናና ጉም የሚያረጥበው፣ ቀርከሃም የሚገኝበት ደን ነው፤ ለዚህች ወፍ አኗኗር ይበልጥ የሚመቸው እሱ ይመስለኛል።

ዛፍ መቁረጥን መከልከል ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ከብት በሚሰማራበት ደን ትልልቁ ዛፍ እንደቆመ ነው፤ ችግኙ ይበላል፣ ቁጥቋጦው ይሳሳል፣ ፀሐይ ወለሉ ድረስ ትገባለች። አፈሩ ሲደርቅ ትሉ ወደ ጥልቀት ይወርዳል፣ ወፏም ምግብ ታጣለች። ከሰማይ በተነሣ ምስል ግን ደኑ አሁንም አረንጓዴ ነው። ግጦሽ ያጣ ገበሬን «ከብትህን አውጣ» ማለት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። የሚሻለው የጅረት ዳርቻዎችን ከግጦሽ ነጻ አድርጎ ከሌላው ቦታ ሣር እያጨዱ መመገብን መደገፍ ነው፤ ቅጠሉ የሚከማቸውና እርጥበቱ የሚቆየው እዚያ ነውና። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በጅባት በተከለለውና ባልተከለለው ዳርቻ ጎሕ ሲቀድ የወፏን ዜማ ቢቆጥሩ፣ አብረውም የረገፈውን ቅጠል ውፍረት ቢለኩ፣ የደን ማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንባቸውን ሲያሻሽሉ የሚመረኮዙበት መረጃ ያገኛሉ።