ቫታ ነሽ ያለችኝ ሴትና የትንፋሽ መለኪያው

አል ሒዛም አል-አኽደር ስሠራ ጎረቤት የምታበስል የኬረላ ሴት ነበረች። በቋንቋቸው ታላቅ እህት «ቼቺ» ስለምትባል እኛም ቼቺ እንላታለን። ደረጃ ወጥቼ ሳለከልክ ባየችኝ ቁጥር በዚያች በተሰባበረች ዐረብኛዋ «አንቺ ቫታ ነሽ፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ ቶሎ የምትደክሚ» ትለኝና ዝንጅብል ታፈላልኛለች።

ቀልድ አልነበረም። በአገሯ የጥንት ሕክምና፣ በአዩርቬዳ፣ ሰው ሲፈጠር ይዞት የሚመጣ ጠባይ አለው፤ ነፋስ የሚበዛበት ቫታ፣ እሳት የሚበዛበት ፒታ፣ ውሃና መሬት የሚበዛበት ካፋ ነው። ትንፋሽ የቫታ ሥራ ነው። እኛስ ጋ ሥጋችን ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ነው ይባል የለ? ይሄን ስነግራት ሳቀች።

ግን የትንፋሽን መጠን የሚወስነው የትኛው የሰውነት ጠባይ ነው? እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን ስፓይሮሜትር የተባለ መሣሪያ ሠርቶ ከ2,000 በላይ ሰዎችን አስነፋ፤ መርከበኛው፣ ፖሊሱ፣ ድሃው ሁሉ ነፋ። በ1846 እ.ኤ.አ. ሲያሳትመው ከደረት ስፋት ይልቅ ቁመት ሆኖ ተገኘ። በየ2.5 ሳንቲ ሜትሩ 130 ሚሊ ሊትር ያህል አየር ይጨምራል።

እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። በ1851 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል የአሜሪካ ደቡብ ሐኪም በዚሁ መሣሪያ የጥቁሮች ሳንባ ከነጮች በ20 በመቶ ያንሳል አለ። መድኃኒቱስ? የግዳጅ ሥራ! ባርነት ደማቸውን ያነቃዋል ብሎ ጻፈ። ሳነበው «ሥራ አይጎዳሽም፣ ለምደሽዋል» የተባልኩበት ቀን ሁሉ ፊቴ ድቅን አለ።

ሐሳቡ ከካርትራይት ጋር አልተቀበረም። ብዙ መለኪያዎች ለጥቁር ሰው የሚጠበቀውን መጠን ዝቅ አድርገው ያሰሉ ነበር፤ እና የታመመ ሳንባ «ደህና» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር ይህ በዘር የሚደረግ ስሌት እንዲቀር የመከረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ትናንት በሉት።

እኔ በበረኪና ሽታ ሳል ይዞኝ አንድ ክሊኒክ ቱቦ አስነፍተውኛል። ነርሷ ዕድሜዬንና ቁመቴን ጠየቀች። ቀጥላ ቀና ብላ አየችኝና፣ ሳትጠይቀኝ፣ ስክሪኑ ላይ ካለው የዘር ዝርዝር አንዱን ነካች። «ሳንባሽ ደህና ነው» አለችኝ። ሳሉ ሦስት ወር ቆየ። የቱን እንደነካች ያን ቀን አልጠየቅኋትም፤ ዛሬ ቢሆን እጠይቃታለሁ።