ሳያባዙ ማባዛት፦ ከመንዝ ጠጠር እስከ ባቤጅ ማሽን

መንዝ ውስጥ ድንጋይ ብርቅ አይደለም፤ ቤቱም አጥሩም ከሱ ነው። እስቲ ጠጠር ልቀሙና ጎዶሎ ቁጥሮችን በጎነ ሦስት ቅርጽ ደርድሩ፦

1
3 5
7 9 11
13 15 17 19

አሁን እያንዳንዱን ረድፍ ለብቻው ደምሩት። 1፣ 8፣ 27፣ 64 ይመጣል። እነዚህ እኮ 1×1×1፣ 2×2×2፣ 3×3×3፣ 4×4×4 ናቸው! ማንም ግን አላባዛም፤ ደመርን እንጂ።

ምስጢሩ መሀሉ ላይ ነው። የሦስተኛው ረድፍ መሀል 9 ነው፤ 3×3 ማለት ነው። 7 ከሱ በሁለት ያንሳል፣ 11 በሁለት ይበልጣል፤ የአንዱን ጉድለት የሌላው ትርፍ ይሞላዋል። ስለዚህ ረድፉ ሦስት ዘጠኞች፣ 27 ነው። አራተኛውስ? የ15 እና የ17 መሀል 16 ነው፤ አራት ጊዜ 16፣ 64። ይህን ነገር የጌራሳው ኒቆማኮስ ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት ጽፎታል። ጌራሳ የዛሬዋ ጀራሽ ናት፣ ዮርዳኖስ ውስጥ።

በመደመር ብቻ ሩቅ መሄድ ለኛም እንግዳ አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የሚማር የአብነት ተማሪ የዓመቱን አበቅቴ ለማግኘት ወንበር የሚባለውን ቁጥር በ11 ያባዛና 30፣ 30ውን ይገድፋል። 11 ከየት መጣ? የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ 354 ቀን ስለሆነ ነው። የአምናውን ካወቀ ግን ማባዛቱም ይቀራል፦ 11 ይጨምራል፣ ከ30 ካለፈ 30 ይቀንሳል። የ2016 አበቅቴ 20 ነበር፤ የ2017 31 ሆኖ 30 ሲወጣለት 1፤ የ2018 ደግሞ 12። ዙሩ እንዲገጥም በየ19 ዓመቱ አንዴ ብቻ 12 ይጨመራል። እዚህ ላይ በአንድ መሳት ቀልድ አይደለም፤ ከመንዝ እስከ ግሼና መርሐቤቴ ጾሙም ፋሲካውም ከቦታው ሊናጋ ይችላል።

እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅንም ያስጨነቀው ስህተት ነው። መርከበኞች የሚመሩባቸው፣ በእጅ የተሰሉ ሰንጠረዦች ስህተት አያጣቸውም ነበር። በ1822 እ.ኤ.አ. የሚደምር ማሽን አሰበ። ዘዴው ይሄ ነው፦ የ1፣ 8፣ 27፣ 64 ልዩነት 7፣ 19፣ 37። የነዚህ ልዩነት 12፣ 18። የነዚህ ደግሞ 6። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ 6 ነው። አሁን ወደ ኋላ ተመለሱ፦ 18+6=24፣ 37+24=61፣ 64+61=125። በቃ!

ባቤጅ ማሽኑን ሳይጨርስ ሞተ። የለንደኑ ሳይንስ ሙዚየም በሁለተኛው ንድፉ መሠረት በ1991 እ.ኤ.አ. ሠራው፤ በትክክልም አሰላ።

አሁን ተራው የናንተ ነው። አምስተኛውን የጠጠር ረድፍ ጻፉና ደምሩ፤ ከባቤጅ 125 ጋር ይገጥም እንደሆነ እዩ። መሀሉ ላይ ማን እንደተቀመጠም ሳታዩ አትለፉ።