ስም የለውም፣ ልክ ግን አለው

አማርኛ የጠመንጃ ፋብሪካዎችን ማኅተም በራሱ መንገድ ይዞ አስቀርቷል። «ውጅግራ» ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» የሚሉት፣ የ1874ቱ (እ.ኤ.አ.) ጠመንጃ ነው። ስናድር ከእንግሊዙ ስናይደር፣ ምንሽር ከኦስትሪያው ማንሊኸር መጣ። የተተኮሰ ጥይት ግን ብዙ ጊዜ ስሙን ይዞ አይገኝም። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የቤት መሠረት ሲቆፈር አረንጓዴ የለበሰ ቀለህ ብቅ ቢል፣ ቂጡ ላይ ፊደልም ቁጥርም ላይኖር ይችላል። ታዲያ በምን ይታወቃል?

በልክ ነዋ። (ያልተተኮሰ ጥይት ከሆነ ግን አለመንካት፣ ለፖሊስ መንገር ነው።)

መጀመሪያ አረሩ ይታያል። እርቃኑን ያለ እርሳስ ከሆነ የጥቁር ባሩድ ዘመን ነው። ናስ ወይም ኒኬል መሰል ልባስ ካለው፣ ፈረንሳዮች በ1886 (እ.ኤ.አ.) ለቤልን ይዘው ጭስ አልባ ባሩድ ካስጀመሩ ወዲህ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። በ1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ የናፒየር ወታደሮች የተኮሱት ስናድር ከእርሳሱ ግርጌ የሸክላ ውታፍ ነበረው፤ ቀለሁም ከተጠቀለለ ስስ ናስ የተሠራ ነው።

አንዳንዴ አረሩ ብቻውን አይበቃም። የውጅግራም፣ ግብጾች በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ተሸንፈው የተዉት የሬሚንግተንም አረር 11 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የሚለያቸው ቀለሁ ነው፦ የውጅግራው 59፣ የግብጹ 50 ሚሊ ሜትር ይረዝማል።

ወደ አርበኞች ዘመን ስንመጣ ጉዳዩ የነጥብ ጉዳይ ይሆናል። የጣሊያኑ ካርካኖ «6.5» ይባላል፤ አረሩ በካሊፐር ሲለካ ግን 6.8 አካባቢ ነው። የእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ 7.9፣ የማውዘሩ 8.2 ገደማ ይመጣል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የዛገ አረር ላይ መለየት ካስቸገረ፣ አፈሙዙ የተወውን ጭረት መቁጠር ነው፦ ኤንፊልድ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወደ ግራ፣ ማውዘር 4 ወደ ቀኝ።

እዚህ ድረስ ሒሳብ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ፣ ማለትም ማን ተኮሰው የሚለው፣ በካሊፐር አይመለስም። በ1927 ዓ.ም. ሂትለር ሙሶሊኒን ከኦስትሪያ ለማዘናጋት ሲል 10,000 ማውዘርና 10 ሚሊዮን ጥይት ለኢትዮጵያ በምስጢር ሰጠ። የተደራደረው ዳዊት ሆል ነበር፤ ለቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ካቀለጡት አንዱ የሞሪትዝ ሆል ልጅ። ስለዚህ የጀርመን ጥይት መገኘቱ ጀርመን እዚያ ተዋጋ ማለት አይደለም።

ይህን መዘንጋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል 1928 ዓ.ም. አሳየ። ጣሊያን፣ ኢትዮጵያውያን አፉ ለስላሳ የሆነ፣ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚሰፋ «ዱምዱም» ይተኩሳሉ ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ከሰሰች። ይህን ጥይት የ1891 ዓ.ም. የሄግ መግለጫ ከልክሎታል። ክሱ የዋዛ አልነበረም፤ በመርዝ ጋዝ የተጨፈጨፈው ሕዝብ ራሱ ጥፋተኛ እንዲመስል፣ ጋዙም አጸፋ እንዲባል ያደርግ ነበር። ኮሎኔል ነኝ የሚል ሰው ለኢትዮጵያ እገዛለሁ ብሎ ከእንግሊዝ ጠመንጃ ሻጭ ናሙና አገኘ፤ ናሙናው የጣሊያን ማስረጃ ሆነ። ክሱ የነካቸው የለንደኑ ሚኒስትራችን ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ ነበሩ፤ በሕፃንነታቸው ከመቅደላ በእንግሊዞች የተወሰዱት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤደን ማታለሉን በእንግሊዝ ፓርላማ አጋለጡ።

ልብ በሉ፦ ጥይቱ ሐሰተኛ አልነበረም። የትኛውም መለኪያ ትክክለኛ ዱምዱም ነው ይል ነበር። ሐሰተኛው የመጣበት መንገድ ነው። ለዚህ ነው አንድ ቀለህ የት ቦታ፣ በምን ጥልቀት፣ ከምን አጠገብ እንደተገኘ ሳይጻፍ ከአፈር ሲወጣ፣ ልኩን ብናውቅም ታሪኩን የምናጣው።