የጎንደር ግንቦችና የጣና ገዳማት

አገርን ለማወቅ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ነው፤ ሁለተኛው ታሪክ በተሠራበት ስፍራ ቆሞ በዓይን ማየት ነው። ከብዙዎቻችን መካከል አንደኛውን በትምህርት ቤት ጀምረን ሁለተኛውን ለነገ የማናቈይ ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ፥ የጎንደርን ግንቦች አይቶ ከጣና ገዳማት ሳይደርስ የሚመለስ ሰው ታሪኩን ከወገቡ ቈርጦ እንደሚተወው ልናስረዳ እንወዳለን።

የሰሜን ተራሮች በራስ ዳሸን ላይ ከ4500 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ከነሱ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ በ2100 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ጎንደር ተቀምጣለች፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ በ1800 ሜትር ገደማ የጣና ሐይቅ ተንጣሎ ይታያል።

የጎንደር መንግሥት ታሪክ የሚጀምረው ከሐይቁ ዳር ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ነገር ግን የካቶሊክን ሃይማኖት የመንግሥት ሃይማኖት ስላደረጉ አገር ታወከ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲለደስም በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቈረቈሩ። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰፈር ወደ ሰፈር በድንኳን ሲዘዋወሩ ይኖሩ ስለ ነበረ፥ በድንጋይና በኖራ የቆመው ግንብ መንግሥት ከእንግዲህ በአንድ ስፍራ እንደሚረጋ ለሕዝቡ የተነገረ ዐዋጅ ያህል ነበር። ከሳቸው በኋላ የነገሡትም በዚያው ግቢ ውስጥ እየጨመሩ ሠሩ። ዐፄ ኢያሱ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ተከሉ፤ እቴጌ ምንትዋብም በቍስቋም ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን፥ በጣና ላይ ደግሞ በደቅ ደሴት አጠገብ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ።

ግንቡ ግን ለባለቤቶቹ ዕረፍት አልሰጣቸውም። ዐፄ ኢያሱ ወደ ጣና ደሴት ፈቀቅ ባሉ ጊዜ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሡ፤ አባትየውም በ1699 ዓ.ም. በዚያው በደሴቱ ተገደሉና በምጽራሐ ተቀበሩ። የዐፄ ፋሲለደስ ዐፅም ዛሬ የሚገኘው ከነዐፄ ዳዊትና ከነዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዐፅም ጋራ በዳጋ እስጢፋኖስ ነው። እንግዲህ ከተማዪቱን የቈረቈሩትን ንጉሥ የሚፈልግ ሰው በታንኳ መሻገር አለበት።

ከተማዪቱም እንደ ነገሥታቷ መከራ አላጣትም። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ አስዘረፏት፤ አቃጠሏትም፤ የአብያተ ክርስቲያኗ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን በያዙ ጊዜ ከዚያ ከተከማቹት ከ300 የሚበልጡት ብራናዎች ወደ ለንደን ሄዱ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው ቍስቋምን ጨምሮ ብዙ አድባራትን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈ፤ ሽማግሎች እንደሚተርኩት የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን አባረረ። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያኖች በግንቡ ግቢ ሰፍረው ሳሉ ከእንግሊዝ አውሮፕላን የወረደው ቦምብ የዐፄ ኢያሱን ግንብ ጐዳው።

በዚህ ሁሉ ዘመን በደሴቶቹ ያሉ መነኰሳት ብራናውን፥ ሥዕሉን፥ ዘውዱንና ዐፅሙን ጠብቀው አቈዩ። ዙሪያው ውሃ መሆኑ ረድቷቸዋል፤ ነገር ግን ውሃ ብቻውን መጽሐፍ አይጠብቅም። ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ አደራ ነው የጠበቀው። የገዳማቱ ሥርዐትም እስከ ዛሬ አለ፤ ወደ ዳጋ ሴቶች አይገቡም፤ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው።

የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በቅርብ ዓመታትም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል፤ ይህም ደስ ያሰኛል። ሐይቁ ግን ከ2004 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ እምቦጭ የሚባል አረም ወርሮታል፤ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ሲሸፍን ዓሣ አስጋሪውንና ታንኳ ቀዛፊውን አስጨንቋል። ድንጋዩን ጠግነን ውሃውን ከተውነው አደራውን በግማሽ ተቀበልን ማለት ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ወደ ጎንደር ሲወጡ ወደ ጣናም ይውረዱ፤ ሹማምንትም ለግንቡ እንዳሰቡ ለሐይቁ ያስቡ። የቀደሙት በእሳት መካከል ያቈዩልንን እኛ በሰላም ዘመን በቸልተኝነት ብናጠፋው ለልጆቻችን የምንመልሰው ቃል አይኖረንም።