የወላጆች ግንኙነትና የልጆች ደኅንነት በጋብቻ ሕጋችን ታሪክ

የተማሪን ውጤት ከሚወስኑት ሁኔታዎች አንዱ የቤቱ ኑሮ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ቤት ኑሮ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው የገቢን፣ የምግብንና የመጽሐፍን ነገር ነው። እናትና አባት እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚኖሩ እምብዛም አንጠይቅም። ይህ አጭር ጽሑፍ ሕጋችን ይህን ጉዳይ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተመለከተው በመከታተል ለመምህሩ የሚጠቅመውን ቁም ነገር ለማሳየት ይሞክራል።

በደጋው የክርስቲያን አገር ቤተ ክርስቲያን የቁርባን ጋብቻ እንዳይፈርስ ታስተምር ነበር። የሰማንያ ጋብቻ ግን በምስክር የሚፈጸም ውል ስለ ሆነ በሽማግሌዎች ፊት ሊፈርስ ይችል ነበር። ሽማግሌዎች አስቀድመው ለማስታረቅ ይደክማሉ፤ ካልተሳካም ንብረቱን ያካፍላሉ። የሥርዓቱ ዋና ዓላማ በባልና ሚስት፣ እንዲሁም በሁለቱ ቤተ ዘመድ መካከል ሰላም ማውረድ ነበር።

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አደረገ። ፍቺን የመወሰኑንም ሥልጣን ለሽማግሌዎች ሰጠ። በአንቀጽ 681 ግን በፍቺ ጊዜ የልጆች አጠባበቅ በጥቅማቸው ብቻ እንዲወሰን፣ ከባድ ምክንያት ከሌለም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ከእናታቸው ጋር እንዲሆኑ ደነገገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም በዚህ አንቀጽ የልጁ ጥቅም የሚጠየቀው ቤቱ በሚፈርስበት ሰዓት ነው።

በውጭ አገር የነበረውም ጥናት በመጀመሪያ ያተኮረው በመለያየት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ጆን ቦውልቢ ለዓለም የጤና ድርጅት ባዘጋጀው ጽሑፍ ሕፃን ከእናቱ መለየቱ የሚያስከትለውን ጉዳት አጉልቶ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን ማይክል ራተር ለልጆች ጠባይ መበላሸት ከመለያየቱ ይልቅ የወላጆች ጠብ የበለጠ ምክንያት መሆኑን ገለጸ። ከወላጆቹ ከአንዱ ጋር እንኳ መልካም ግንኙነት ያለው ልጅ ጉዳቱ እንደሚቀንስለትም አመለከተ። ኋላም ሌሎች ተመራማሪዎች ልጆች የጠቡን መጨረሻ፣ ይኸውም ዕርቁን ሲያዩ ጭንቀታቸው እንደሚቀልላቸው ተረዱ።

በአገራችንም ሕጉ ቀስ በቀስ ወደዚሁ አቅጣጫ አመራ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የልጆችን መብት ደነገገ። የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የባልን አለቅነት አስቀርቶ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ የፍቺንም ውሳኔ ለፍርድ ቤት ሰጠ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊት እንደሚያስቀጣ በግልጽ አመለከተ። በዚህም ሕጉ ቤቱ ሳይፈርስ በውስጡ ስለሚደርሰው በደል ተናገረ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በወጣትነቱ ሲያስተምር በየጥዋቱ የሚያንቀላፋ አንድ ተማሪ ነበረው። በስንፍና ቈጥሮት ብዙ ጊዜ አንበርክኮታል። እናቱ ተጠርታ ስትመጣ ግን ልጁ ሌሊት አባቱ እስኪገባና ጠቡ እስኪበርድ ድረስ እንቅልፍ እንደማይወስደው ተናገረች። ቤቱ አልፈረሰም ነበር፤ በመዝገቡም ላይ «ከእናትና ከአባቱ ጋር ይኖራል» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

የሽማግሌዎቻችን ልማድ ዕርቅን ማስቀደሙ ለልጁም የሚበጅ ነው፤ ድብደባን የሚሸፍን ዕርቅ ግን ልጁን በጠቡ ውስጥ ያስቀረዋል። መምህሩ የትዳር ዳኛ አይደለም። ነገር ግን ከቅጣት በፊት ምክንያቱን ሊጠይቅ፣ ልጁን በወላጆቹ መካከል መልእክተኛ ከማድረግ ሊቈጠብ፣ የተለያዩትንም ወላጆች ስለ ልጃቸው ትምህርት እኩል ሊያነጋግር ይችላል። የመምህራን ማሠልጠኛ ሥርዓተ ትምህርትም ይህን በግልጽ ሊያካትት ይገባዋል።