ቁልፍ የሌለው ስልክና የፊደል ገበታ

ነሐሴ 10 ቀን 1986 ዓ.ም. አንድ እንግዳ ስልክ በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ስሙ ሳይመን ይባላል። ያወጣው ታዋቂው የኮምፒዩተር ኩባንያ አይ.ቢ.ኤም. ሲሆን ሻጩ ቤልሳውዝ የተባለው የስልክ ድርጅት ነበር። በዚያ ሰሞን እኛ ዘንድ ጾመ ፍልሰታ አልተፈታም፤ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚያወርደው፣ ጣሊያን የቀደደው የሊማሊሞ መንገድም ክረምቱን ይዟል። በአገሪቱ ውስጥ አንድም ተንቀሳቃሽ ስልክ አልነበረም። አገልግሎቱ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም.፣ እሱም በአዲስ አበባ ነው። እንግዲያስ ሳይመንን ከዛሪማ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ነገሩ ከሚመስለው በላይ ይመለከተናል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ይህ ስልክ እንደሌሎቹ በቁልፍ የሚጻፍበት አልነበረም።

መልኩን እንየው። ክብደቱ 510 ግራም፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ ስኳር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ኪስ አይችለውም። ፊቱን የሸፈነው ጥቁርና ነጭ መስተዋት ነው፤ በጣት ወይም እንደ እርሳስ በተቀጠቀጠ ቀጭን ዘንግ ሲጫኑት ይታዘዛል። ፕሮሰሰሩ 16 ሜጋኸርዝ፣ የማስታወሻ መጠኑ ደግሞ 1 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዛሬ በእጃችን ባለው ስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ በዚያ ውስጥ አይገባም። ያም ሆኖ ፋክስ ይልካል፣ ኢሜይል ይቀበላል፣ ቀጠሮ ይይዛል፣ የዓለምን ሰዓት ያሳያል፣ ያሰላል፣ በዘንጉም ሥዕል ያስሞነጫጭራል። ባትሪው ለአንድ ሰዓት ወሬ ያህል ቢቆይ ነው። ዋጋው ከውል ጋር 899 ዶላር፣ ያለ ውል 1,099 ዶላር ነበር። ወደ 50 ሺህ ያህል ተሸጦ በየካቲት 1987 ዓ.ም. ከገበያ ወጣ። በንግድ ዓይን ካየነው ወድቋል ማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ሳይመንን ዛሪማ ድረስ ይዞት ቢመጣስ? የሚያናግረው ማማ ስለሌለ ስልክነቱ ይቀርና ማስታወሻ ደብተር፣ ቀን መቁጠሪያና ሒሳብ ማስያ ሆኖ ይቀራል። ይህ የሩቅ ዘመን ነገር እንዳይመስለን። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ስንቱ ዘመናዊ ስልክ ከነብዙ ችሎታው በባለቤቱ እጅ ላይ ባዳ ሆኖ ሰንብቷል። ልዩነቱ ሳይመን ያለ ማማ ሲቀር ቀሪው ሥራውም ለዛሪማ ሰው የማይሆን መሆኑ ነው። ቀን መቁጠሪያው ጳጉሜን አያውቅም። ማስታወሻው ደግሞ ፊደል አልነበረውም።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በሳይመን መስተዋት ላይ የሚታየው የመጻፊያ ቁልፍ ብረት ሳይሆን ሥዕል ነው። መስተዋቱ የተጫኑት የት ቦታ ላይ እንደሆነ ብቻ ይናገራል፤ በዚያ ቦታ ላይ የትኛው ሆሄ እንዳለ የሚያውቀው ሶፍትዌሩ ነው። ስለዚህ ቁልፉን መለወጥ፣ መጨመር፣ መደበቅ ይቻላል። እንዲያውም ሳይመን ቀጥሎ ሊመጡ የሚችሉ ጥቂት ሆሄያትን ገምቶ የሚያቀርብ ሁለተኛ ሰሌዳ ነበረው። ለሀያ ስድስት የላቲን ሆሄያት ይህ ቅንጦት ነው፤ ለሰላሳ ሦስት ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው፣ ለ231 ሆሄያት ግን የመኖርና ያለመኖር ጥያቄ ነበር።

ብረት ለፊደላችን ምን ያህል ጠባብ እንደነበረ የጽሕፈት መኪና ያየ ሁሉ ያውቃል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን መኪና ሲፈለስፉ ይህን ሁሉ ሆሄ በጥቂት ቁልፍ ማስተናገድ ነበረባቸው። መፍትሔው ግዕዙን መትቶ የካዕቡን፣ የሣልሱን ምልክት ለብቻ መቀጠል ሆነ። በዚያ የተተየበ ደብዳቤ ላይ ምልክቱ ከእናቱ ተነጥሎ፣ አንዳንዴም ከጎኗ ሸሽቶ ይታያል። በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛውን ቴሌፕሪንተር ሲሠሩ የገጠማቸውም ይኸው የቁጥር ብዛት ነው። የእጅ ስልክ ሲመጣ ጥበቱ ባሰ። ከ2 እስከ 9 ያሉት ስምንት ቁልፎች ላቲኑን ለሦስት ለአራት ተካፈሉት፤ የእኛው ቢከፋፈል ለአንድ ቁልፍ ሀያ ዘጠኝ ያህል ይደርሰዋል። ሀያ ዘጠኝ ጊዜ ጠቅ እያደረገ «እንደምን ሰነበትክ» የሚጽፍ ትዕግሥተኛ ከየት ይገኛል?

ሳይመን ይህን በር ከፍቶ ነበር፤ ግን በበሩ የሚገባ ፊደል ገና አልተዘጋጀም። በእነዚያው ዓመታት ፍስሐ አጥላው፣ ዶ/ር አበራ ሞላና ሌሎችም ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ ሆነው ፊደልን ከኮምፒዩተር ጋር ለማስማማት ይደክሙ ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ ሴራ የሚባል ሥርዓት አወጡ፤ ትንሹ ቲ «ተ»ን፣ ትልቁ ቲ «ጠ»ን እንዲወክል አድርገው አማርኛን በላቲን ቁልፍ የሚያስጽፍ ብልሃት ነው። ችግሩ ሶፍትዌሮቹ ለየሆሄው የሚሰጡት ቁጥር አለመመሳሰሉ ነበር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከ340 በላይ ለሚሆኑ የኢትዮጵያ ሆሄያት፣ ቁጥሮችና ምልክቶች ቋሚ ቦታ ሲሰጣቸው ይህ ሙግት በመሠረቱ አለቀ። ለዚያ ውጤት የደከሙትን ሰዎች ስም ከሳይመን ሠሪዎች ስም በላይ ልናውቀው ይገባን ነበር።

ሰኔ 22 ቀን 1999 ዓ.ም. አይፎን ሲመጣ መስተዋቱ ዘንጉን ጥሎ በጣት ብቻ፣ ያውም በሁለት ጣት በአንድ ጊዜ የሚታዘዝ ሆነ። እሱም ቢሆን ሲወለድ ሙሉ አልነበረም። ጽሑፍ ቀድቶ መለጠፍ አይችልም፤ የውጭ ሰው የሠራውን ፕሮግራም በይፋ መቀበል የጀመረው በዓመቱ ነው። የአማርኛ ሰሌዳም አልነበረውም። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ስልኮች አማርኛ ሲላክላቸው ባዶ ሳጥን ይደረድሩ ነበር። በኢትዮጵያ መገጣጠም የጀመረው ቴክኖ አማርኛን በስልኮቹ ላይ ማስገባቱ ለገበያው የጠቀመው ያለምክንያት አይደለም።

እስከዚያ ግን እጃችን ላቲን ለምዶ ቆይቷል። ያውም የሴራን ሥርዓት ሳይሆን እንደመጣልን ነው የምንጽፈው፤ «ተራ» እና «ጠራ» አንድ ሆነዋል፣ «ቀ» በ«ከ» ተውጧል። የዛሬው ሰሌዳ «ለ»ን ሲነኩት ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለ ሰባቱንም ወደ ጎን ይዘረጋል። ይህ የቄስ ተማሪ በጣቱ እየጠቆመ የሚቆጥረው ገበታ እንጂ ሌላ አይደለም። እንደታዘብኩት ከሆነ ፊደልን በገበታ የቆጠሩ ሽማግሌዎች ይህን ሰሌዳ ቶሎ ይለምዱታል፤ አውራ ጣታቸው በቁልፍ ስልክ ያደገው ልጆቻቸው ግን ዛሬም ለአባታቸው መልእክት የሚልኩት በላቲን ነው፣ አባትየውም ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ ያስነብባል።